ውሃ ሊቀዳ የወጣው ልጅ

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ሰዉ እየተጋፋ ወደ በሩ ይወጣ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ግን አልተነሱም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው ወደ እኔ ዞሩና፣ «ልጄ፣ ያ ውሃ ሊቀዳ የወጣው ብላቴና ምን ሆነ?» አሉኝ።

የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ነገሬ ከአንድ ፊልም ጋር አይደለም። እዚሁ ጎንደር ዙሪያ የተቀረጸ የአማርኛ ፊልም ነው። ሲጀምር አንድ ትንሽ ልጅ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከጎጆ ይወጣል። እናቱ ከውስጥ ሆና «ቶሎ ና፣ እንዳይመሽብህ!» ትለዋለች። ካሜራው ባዶ እግሩን እየተከተለ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ባዶው ጀሪካን ከጉልበቱ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። ከዚያ ድሮኑ ወደ ሰማይ ይነሳል፣ ሸለቆው በሙሉ ይታያል፣ ርዕሱ ይወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው የሁለት ወንድማማቾች የመሬት ክርክር ነው። ከተማ ገብቶ ሀብታም የሆነ ታላቅ፣ እርሻው ላይ የቀረ ታናሽ፣ በመሃላቸው አንዲት ሴት፣ ፍርድ ቤት፣ እርቅ። ልጁ ከዚያች ቁልቁለት አልተመለሰም።

«እናቴ፣ እሱ እኮ መግቢያ ነው፤ አገሩን ሊያሳዩን ብለው ነው» አልኳቸው።

«መግቢያስ ቢሆን? ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት! እናቱ ትጠብቀው የለ?»

ይህን ብለው ተነሱ። እኔ እዚያው ቀረሁ። ጉልበቴ ላይ ለፊልም ሂስ የያዝኩት ማስታወሻ ስለ ብርሃን፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ ትዕይንት መርዘም የሚል ነበር፤ ሁሉም ትክክል ነው፣ ዛሬም ብሆን እጽፈዋለሁ። ግን በፒያሳ በኩል ፖስታ ቤቱን አልፌ ወደ ቤቴ ስሄድ በአእምሮዬ ይመላለስ የነበረው የእሳቸው ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ ስለ ሲኒማ የተማሩት ነገር ላይኖር ይችላል። የጠየቁት ግን ስለ ሲኒማ ሊጠየቅ ከሚችለው ሁሉ ከባዱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው «ፊልም በምን ትመዝናለህ?» ሲለኝ መልሴ ከዚህ ይጀምራል።

ያሳየ ይጠየቃል

ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የሩሲያ ፊልም ሠሪ ያደረገው ሙከራ በየፊልም ትምህርት ቤቱ ይነገራል። የአንድ ተዋናይን ያልተለወጠ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ካለች ሕፃን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ምስል ጋር አያያዘው። እንደሚባለው፣ ተመልካቾቹ የሰውየውን ረሃብ፣ ሐዘንና ምኞት አየን ብለው ትወናውን አደነቁ። ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር።

ይህ ታሪክ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ኤዲቲንግ ኃይል ነው። እኔን ግን የሚያስገርመኝ ተመልካቹ ነው። ሰው ሁለት ሥዕል ተከታትለው ሲመጡለት ማያያዙን አይተውም፤ አታያይዝ ብሎ ማዘዝም አይቻልም። የልጁን ባዶ እግር አሳይተኸኝ ወደ ፍርድ ቤት ብትወስደኝ፣ ልጁን ይዤው እገባለሁ። ዳኛው ሲናገር እኔ ስለ ምንጩ አስባለሁ። ወንድማማቾቹ ሲጣሉ «ይሄ ልጅ የማንኛቸው ነው?» እላለሁ። ፊልሙ እኔን ያዘዘኝ ራሱ ነው፤ እናቲቱን «እንዳይመሽብህ» ያሰኛት እሱ ነው። እንዳይመሽብህ የተባለ ልጅ መሸበት ወይስ አልመሸበትም የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ፣ ያ ቃል ለምን ተነገረ?

ስለዚህ አሁን ከማንኛውም ፊልም ስወጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ማንን አሳየኝ? ያሳየኝን ሰው የት አደረሰው?» ብዬ ነው። ይህ ጥያቄ የሚነካው የመግቢያ ልጆችን ብቻ አይደለም። በአማርኛ ፊልሞቻችን ውስጥ ስንት የቤት ሠራተኛ አይተናል! ቪላው ሳሎን ውስጥ ቡና ይዛ ትገባለች፣ አንድ የሚያስቅ ነገር ትናገራለች፣ ትወጣለች። ሚስጥሩን ሁሉ የሰማችው እሷ ናት፤ ደብዳቤውን ያቀበለችው፣ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቶቹ ይታረቃሉ ወይም ይፋታሉ፤ እሷ ግን የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። ብዙ ጊዜ ስም እንኳ የላትም። ዘበኛውም እንዲሁ ነው። ደራሲው የእነዚህን ሰዎች ጆሮና እግር ተጠቅሞ ታሪኩን አንቀሳቅሶ ሲያበቃ ሒሳባቸውን አይከፍልም።

«ሁሉም ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ይኑረው ማለትህ ነው?» የሚለኝ አለ። አይደለም። ትልቁን መደነቅ፣ የመጨረሻውን ደቂቃ ግልበጣ ፍለጋ ሲሮጡ እጃቸው ላይ የነበረውን ሰው የሚጥሉ ፊልሞች አሉ ማለቴ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ያቺን ልጅ፣ ያንን ዘበኛ፣ ያንን ብላቴና ተመልካቹ በብብቱ ይዟቸው ነበር።

መተውና መርሳት

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነገር አለ። ጥሩ ፊልሞችም ሰው ይተዋሉ። በር ከፍቶ የወጣ ሰው ሳይመለስ የሚያልቅ ታላቅ ፊልም አይተናል፤ አለመመለሱም ነው ፊልሙን ታላቅ ያደረገው። ታዲያ ሆን ተብሎ የተተወን ሰው ከተረሳ ሰው በምን እለየዋለሁ? የዳይሬክተሩን ልብ ገብቼ አላይ። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁሉም «ሆን ብዬ ነው» ይላል።

መልሱን ያገኘሁት ከጎኔ ከተቀመጡት ከእኚያ እናት አባባል ነው። «ምን ሆነ?» ብለው ብቻ አላበቁም፤ «እናቱ ትጠብቀው የለ?» ነው ያሉት። መለያው ይኸው ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ካለ ልጁ ተተወ እንጂ አልተረሳም። እናቲቱ ወደ ማታ ወደ ደጅ ወጥታ እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ ቁልቁለቱን ብታይ፣ ወይም በመሶቡ ዙሪያ አንድ ሰው የሚጎድል ቦታ ብናይ፣ ወይም ጎረቤት «ልጅሽ ገባ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ፊልሙ የልጁን መጥፋት አውቆታል። ያኔ ልጁ ባይመለስም እኔ አላዝንበትም፤ አብሬ እጠብቃለሁ። ማንም ካልጠበቀው ግን እናቱም የውሸት እናት ሆናለች፤ ለአንድ ዓረፍተ ነገር የተቀጠረች ድምፅ።

ይህንን ሳስብ የጎንደሩ ልጅ፣ የፊልም ሠሪው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቶ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የስክሪፕት ሽልማትን ያገኘ፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። ባለታሪኩ አንበርብር ጀርመን አገር ተምሮ፣ አካሉ ጎድሎ፣ ትዝታው ተበታትኖ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። ፊልሙ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ዓመታት ይደባለቃሉ፤ አንዳንዱ ነገር ሳይብራራ ያልፋል። በደርግ ዘመን ለውትድርና እንዳይታፈሱ የሚደበቁ የመንደሩ ልጆች አሉበት። እነዚያን ልጆች እያንዳንዳቸውን በስም አናውቃቸውም። ግን እናቶቻቸውን አይተናል። እናት በፊቷ ልጇን ስትጠብቅ ካየን የልጁ ዕጣ በፊልሙ ውስጥ ክብደት አለው፤ ሜዳው ላይ ሲሮጥ የምናየው እግር የአንድ ቤት ልጅ እግር ነው። የአንበርብር እናት ራሷ ለዓመታት ስትጠብቅ የኖረች ናት። ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር የመጠበቅ ፊልም ነው ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ አንድ ፊልም ብዙ ክር ሳይቋጭ ቢተው ለብቻው ጥፋት አልለውም። ክሩን የሚይዝ እጅ መኖሩን ግን እፈልጋለሁ።

«በአቅማችን ነው የሠራነው»

ስለ አንድ ፊልም ጠንከር ያለ ነገር በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣ መልስ ነው ይህ። ካሜራው በኪራይ ነው፣ ተዋንያኑ ግማሽ ክፍያ ነው የወሰዱት፣ የመብራት መቆራረጡ፣ የመንገዱ ነገር። ሁሉንም አምናለሁ። በዚህ አገር ፊልም ጀምሮ መጨረስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤቱን አሲዞ ፊልም የሠራ ሰው አውቃለሁ። በገንዘብ ሊገዛ የሚችልን ጉድለት በሂሴ ውስጥ አንድ መስመር ሰጥቼው አልፋለሁ። ምስሉ ትንሽ ቢጨልም፣ የሰርጉ ትዕይንት ላይ ሰው ቢያንስ፣ የመኪና ግጭቱ በድምፅ ብቻ ቢያልፍ ቅር አይለኝም።

ትኩረት ግን በገንዘብ አይገዛም። እንደገና ኃይሌ ገሪማን ልጥራ፤ እዚህ ከተማ ተወልዶ፣ ቴአትር እየጻፈ የሚያዘጋጅ አባት ያሳደገው ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም፣ ማስረጃው እጃችን ላይ ስላለ ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 የዘውዱ ሥርዓት ሲናጋ ነው። ገና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ የፈጀ፣ ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ትወና ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች። ከዚህ በላይ የአቅም ማነስ የት አለ? ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ካሜራው ገበሬውን ሲያርስ ትኩር ብሎ ያየዋል፤ ሴቲቱ ሸክሟን ተሸክማ ዳገቱን እስክትጨርስ ይጠብቃታል። ባለመሬቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኞቹ ይሮጣሉ። ሥርዓቱን ለመረዳት ንግግር አያስፈልግም፤ ማን እንደተቀመጠና ማን እንደሚሮጥ ማየት ይበቃል። ከማዶ ለማዶ የሚሄድን ሰው ማዶ እስኪደርስ ማየት ምንም ዋጋ አያስከፍልም። ትዕግሥት ነው የሚያስከፍለው።

ያንን ልጅ ለመመለስም ገንዘብ አያስፈልግም ነበር። ሌላ የቀረጻ ቀን፣ ሌላ ተዋናይ፣ ሌላ ድሮን አያሻም። ከወንድማማቾቹ ጭቅጭቅ መሃል ከደጅ በኩል ውሃ የሞላ ጀሪካን መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማውን ያንን «ዱብ» የሚል ድምፅ አስገባና እናቲቱን ፊቷን ወደ በሩ አዙርልኝ። አለቀ። ሁለት ሴኮንድ ነው። ባዶው ጀሪካን ሲንኳኳ በመጀመሪያ ሰምተናል፤ ሙሉው ሲያርፍ ድምፁ ሌላ ነው፣ ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ ሁሉ ይለየዋል። የጎንደር ሰው ደግሞ ስለ ጀሪካንና ስለ ውሃ የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

እርፉን የያዘው እጅ

ሌላው መመዘኛዬ እጅ ነው። ተዋናይ በፊቱ ሊያታልለኝ ይችላል፤ በእጁ አይችልም።

በቅርቡ ባየሁት ፊልም ዋናው ተዋናይ ሲያርስ እርፉን በሁለት እጁ ጨብጦ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከኋላዬ ጉርምርምታ ሰማሁ። ያረሰ ሰው አንድ እጁ እርፉን፣ ሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ፣ እያሞገሰና እየተቆጣ ነው የሚሄደው። በሁለት እጁ የሙጥኝ ያለ ሰው በሬ የሚነዳ ሳይሆን እንዳይወድቅ የሚፈራ ነው የሚመስለው። በሌላ ፊልም ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ነጠላዋን እንደ በዓል ለብሳ፣ ጥለቱ ከታች ወርዶ ለቅሶ ላይ ተቀምጣለች። ለሐዘን ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት እንደሚዞር የማያውቅ አንድም ሰው በቀረጻው ቦታ አልነበረም? ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ልብስ የምታቀርበዋ፣ ለትዕይንቱ ከሰፈር የተጠሩት አልቃሾች ያውቃሉ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ይህ የጥቃቅን ስህተት ለቀማ እንዳይመስል። አንድ ጀበና የተሳሳተ ዘመን ውስጥ ቢገኝ ግድ የለኝም። የምፈልገው ሠሪው ሊያሳየው የተነሳውን ሰው ሕይወት ቀርቦ ማየቱን ነው፤ ማየቱ ደግሞ በእጅና በልብስ ላይ ይታወቃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ከላይ የተቀዳ የገጠር ሕይወት ከላይ እንደተቀዳ ያስታውቃል።

አነጋገርም ከዚሁ ወገን ነው፤ ይህ ደግሞ በግልጽ የሚያመኝ ጉዳይ ነው። በብዙ ፊልሞቻችን ውስጥ ባላገር መሳቂያ ነው። አንድ ሰው በገጠር ቅላጼ አፉን ሲከፍት አዳራሹ ቀልዱን ሳይጠብቅ ይስቃል፤ ቀልዱ ቅላጼው ስለሆነ። ተዋናዩም አብዛኛውን ጊዜ የትኛውም አገር የማይነገር የተፈበረከ አነጋገር ነው የሚናገረው። የደምቢያው ሰው እንደ በለሳው አይናገርም፣ የወገራው እንደ አርማጭሆው አይደለም፤ እዚህ ቅዳሜ ገበያ ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው ይለየዋል። ፊልሙ ግን ሁሉንም አንድ «ባላገር» አድርጎ ያቀልጠዋል።

እንዲህ ባለ ትዕይንት ላይ እኔ ስክሪኑን ትቼ አዳራሹን አያለሁ። አንድ ጊዜ ከፊት ለፊቴ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፤ ምናልባት ለጉዳይ ከገጠር የመጡ፣ ማታ ላይ ፊልም ሊያዩ የገቡ። ወጣቶቹ ሲንፈቀፈቁ እነሱ ዝም አሉ። አንደኛው ቀስ ብሎ ጋቢውን ወደ አገጩ ሳበው። ሳቅ የሰበሰበ ፊልም ሁሉ ተሳካለት የሚባለውን መለኪያ ያኔ ተውኩት። ማን ሳቀ ብቻ አይደለም፤ ማን ዝም አለ ብዬም እጽፋለሁ።

የጎንደር ተመልካች ዝም ብሎ የሚያይ አይደለም፤ ይህን እወድለታለሁ። ተዋናዩን ይመክራል፣ ያስጠነቅቃል፣ «ኧረ ተው!» ይላል። ቡርቧክስን ለመሰለ የአዝማሪ መንደር ጎረቤት የሆነ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም መስጠት የለመደ ነው፤ ኪነ ጥበብን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይሠራል እንጂ አይመለከትም። ስለዚህ ፊልምን ብቻዬን በላፕቶፕ አይቼ አልጽፍም። ከሰው ጋር አየዋለሁ፤ አስፈላጊ ሲሆን ከዚያ በኋላ ብቻዬን እደግመዋለሁ። የአዳራሹ ጩኸት ፍርዴን አይሰጠኝም፣ ግን የት ላይ መፍረድ እንዳለብኝ ይጠቁመኛል።

ይሉኝታ

የሙያው ትልቁ ፈተና እውቀት ማነስ አይመስለኝም። ይሉኝታ ነው። አገራችን ውስጥ ፊልም የሚሠራውና ስለ ፊልም የሚጽፈው ሰው ያንኑ ካፌ ነው የሚቀመጠው፤ በለቅሶም በሠርግም ይገናኛል። ምርቃት ላይ ትጠራለህ፣ ፊት ወንበር ትቀመጣለህ፣ ከፊልሙ በኋላ እራት አለ። ፕሮዲውሰሩ እጅህን ይዞ «እንዴት አየኸው?» ሲልህ እናቱ ከጎኑ ቆማለች። በዚህ ሁሉ መሃል እውነቱን መናገር ሰውን ማዋረድ ይመስላል። ብዙ ሂስ የሚመስሉ ጽሑፎች የምስጋና ደብዳቤ የሚሆኑት ጸሐፊዎቹ ዐይን ስለሌላቸው አይደለም።

ስለዚህ ትኬቴን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ምርቃት ላይ አልገኝም። ሰውን ላለመጉዳት ብዬ ደግሞ የተዋናይን መልክ፣ የሰውን የግል ኑሮ፣ ከዚህ በፊት የሠራውን ደካማ ፊልም አላነሳም። የማየው ያንን አንድ ፊልም ነው።

አንድ ወጣት ዳይሬክተር ከዚህ ጋር በተያያዘ ብዙ አከራክሮኛል። ፊልሙ በወጣ ሳምንት ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ ሂስህን ከሲኒማ እስኪወርድ ብታቆይልኝ። ሰው አንብቦ ከቀረ ዕዳዬን አልከፍልም» አለኝ። ነገሩ ቀላል አይደለም። ዕዳው የእውነት ነው፤ እኔ በአንድ ምሽት የምጽፈው ነገር እሱ ዓመት የደከመበትን ሊነካ ይችላል። ግን ትኬት የሚቆርጠውም ሰው ገንዘቡ የእውነት ነው። ከአዘዞ በሚኒባስ መጥቶ፣ ለራሱና ለሚስቱ ከፍሎ የሚገባ ሰው ፊልሙ ከወረደ በኋላ የሚወጣ ሂስ ምን ያደርግለታል? ይህንን ነገርኩት። ሂሱን በዚያው ሳምንት አወጣሁት፤ ያማረበትንም የጎደለውንም፣ በተለይ አንዲት የሻይ ቤት ሴት ላይ ያሳየውን ጥንቃቄ በሰፊው ጻፍኩ። ለጥቂት ጊዜ ሰላምታው ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን ሌላ ፊልም እያዘጋጀ ነው። ሰሞኑን ስክሪፕቱን ይዞልኝ መጥቶ «ሳይቀረጽ እየው፣ የተረሳ ሰው ካለ አሁኑኑ ንገረኝ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን አልተቀበልኩትም። ስክሪፕት ካነበብኩ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሌለውን ከወረቀቱ እየሞላሁ ነው የማየው፤ ያሰበውን አውቃለሁና ያሰበውን ያሳየ ይመስለኛል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ያንን ወረቀት አላነበበም። በምትኩ ስክሪፕቱን አይተው የሚነግሩት ሁለት ሰዎች ጠቆምኩት፤ አንደኛዋ ለዓመታት ቴአትር ያዘጋጀች ናት፣ ሁለተኛው ባላገር ነው፣ ማንበብ ስለማይችል «ቁጭ ብለህ አንብብለት» አልኩት። ቀረጻው ከክረምት በኋላ ነው፤ ሲወጣ ትኬቴን ቆርጬ እገባለሁ።